የጋራ ገንዘብ በብዙ እጅ፦ ለበጎ ፈቃደኞች የሶፍትዌር ማኅበር የሒሳብና የአስተዳደር መመሪያ

ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስደውን መንገድ ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ነፃ ካርታ ላይ ለማስፈር አንድ ስልክና ብርቱ እግር ይበቃል። ሥራው ሲሰፋ ግን ወጪው ይመጣል። የድረ ገጹ ስም በየዓመቱ ይታደሳል፣ ሰርቨሩ በየወሩ ያስከፍላል፣ ተማሪዎችን ለማሠልጠን አዳራሽና ዳታ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ያለ የላስታ ተወላጅም «ላግዛችሁ፣ በምን ልላክላችሁ?» ብሎ ይደውላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ጓደኛ የግል የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው። ጠቡም ሐሜቱም የሚነሣው ከዚያች ቁጥር ነው።

ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው፦ አስጎብኚም ሁኑ መምህር፣ የኮምፒውተር ባለሙያም ሁኑ ተማሪ፣ ያለ ደመወዝ ተሰባስባችሁ ማንም በነፃ የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር፣ ካርታ፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ወይም የመረጃ ክምችት ለምትሠሩ። ሐቀኛ ገንዘብ ያዥ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ሐቀኛውን ሰው ራሱን ከሐሜት የሚያድነው አሠራር ያስፈልጋል። አሠራሩን ገንዘቡ ትንሽ ሳለ ትከሉት፤ ገንዘቡ ከበዛ በኋላ ደንብ ላውጣ የሚል ሰው ሌላውን የጠረጠረ ይመስላል።

1ኛ፦ ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ወስኑ

ከፊታችሁ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሳይመዘገቡ መቆየት ነው። አምስት ስድስት ሆናችሁ ከኪሳችሁ እያዋጣችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ዕድር የሚተዳደርበት ዓይነት አጭር የጽሑፍ ደንብ፣ የመዋጮ መዝገብና የተመረጠ ገንዘብ ያዥ ይበቃችኋል። ከሌላ ድርጅት ገንዘብ መቀበል፣ ውል መፈረም ወይም ሰው መቅጠር ስትጀምሩ ግን ይህ መንገድ ያበቃል።

ሁለተኛው በተመዘገበ ድርጅት ጥላ ሥር መግባት ነው። በዓለም ላይ ብዙ የነፃ ሶፍትዌር ሥራዎች የሚተዳደሩት በዚህ መንገድ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ዴቢያንን ለመሳሰሉ ሥራዎች ገንዘብ ይቀበላል፣ ሒሳባቸውን ይይዛል፤ ለዚህም ከሚገባው ስጦታ 5 በመቶ ያስቀራል። ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ደግሞ ሰፋ ያለ አገልግሎት ሰጥቶ 10 በመቶ ይወስዳል። በአገር ውስጥም የተመዘገበ ማኅበርን ወይም እንደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋምን በጽሑፍ ስምምነት መጠጋት ይቻላል። ስምምነቱ ላይ ሁለት ነገር ሳይሰፍር አትፈርሙ፦ ገንዘቡ ለእናንተ ሥራ ብቻ እንደሚውል፣ እንዲሁም ስትለያዩ ወይም ጥላው ሲዘጋ ገንዘቡና ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ። ኦፕን ኮሌክቲቭ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ እንደሚዘጋ ባስታወቀ ጊዜ፣ በሥሩ የነበሩ ብዙ ቡድኖች በዚያው ዓመት ውስጥ ሌላ ማረፊያ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሦስተኛው ራሳችሁን ችላችሁ መመዝገብ ነው። ዓመታዊ ሪፖርት፣ ኦዲትና የግብር ጣጣ ስላለበት፣ ይህን ሥራ ያለመሰልቸት የሚሠሩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሳይኖሯችሁ አትጀምሩት።

2ኛ፦ ምዝገባውን በሥርዓት ጨርሱ

ዛሬ የሚሠራበት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 621፣ በመብትና በመሳሰሉት ጉዳዮች የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ ገድቦ ነበር። አዲሱ አዋጅ ያን ገደብ አንሥቷል። ዕድርና ዕቁብ፣ የሃይማኖት ተቋማትም በዚህ አዋጅ አይገዙም። ስለዚህ «እኛም እኮ እንደ ዕድር ነን» በሚል ሐሳብ የእርዳታ ገንዘብ እየተቀበላችሁ ሳትመዘገቡ አትቆዩ።

በማኅበር መልክ ለመደራጀት ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የመጨረሻው ወሳኝም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። የፌዴራሉ አዋጅ የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀሱትን፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩትን እንዲሁም የውጭ ድርጅቶችን ነው። ሥራችሁ ከአማራ ክልል የማይወጣ ከሆነ ጉዳያችሁ የክልሉ መዝጋቢ አካል ነው። ቅርንጫፍ ሳይኖራችሁ «አገር አቀፍ» የሚል ስም ለመያዝ ስትሉ ከላሊበላ አዲስ አበባ አትመላለሱ።

ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤ፣ የመሥራቾች መታወቂያ ቅጂ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ፣ አድራሻ። ደንቡን ከሌላ ማኅበር ገልብጣችሁ ብታመጡ እንኳ አራት አንቀጾችን ቁጭ ብላችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፦ ማን ይፈርማል፣ እስከ ስንት ብር በማን ውሳኔ ይወጣል፣ የሥራ አመራሩ ዘመን ስንት ነው፣ የማኅበሩ የሥራ ውጤት በምን ዓይነት ፈቃድ ለሕዝብ ይለቀቃል። የመጨረሻው በሌሎች ማኅበራት ደንብ ውስጥ ስለማይገኝ በቀላሉ ይረሳል። ኋላ ግን አንድ አባል «ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይዤው ልሄድ» ሲል ዳኛው የሚያየው ያንን አንቀጽ ነው።

የሕጋዊ ሰውነት ምስክር ወረቀቱ እንደተሰጣችሁ ማኅተም አስቀርጹ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፣ ከዚያም በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ።

3ኛ፦ ሥራውን በተለያየ እጅ አድርጉ

ለዚህ ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያሻም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንድ ሰው እጅ አይውልም፤ ቁልፎቹ ተከፋፍለው ይያዛሉ፣ በሩም ባለ ቁልፎቹ ሲገናኙ ይከፈታል። ሙዳየ ምጽዋትም አንድ ሰው ብቻውን አይቆጥረውም፤ ቆጣሪዎች ተቀምጠው ይቆጥራሉ፣ በቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ። በ1965 የወጣው የቤተ ክርስቲያኗ መተዳደሪያ፣ ቃለ ዓዋዲም፣ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ በጋራ የሚያስተዳድሩበትን መንገድ ደንግጓል። ለእናንተም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ቢያንስ አራት ኃላፊነቶችን ለአራት ሰው ስጡ። ሊቀመንበሩ ወጪን ይፈቅዳል፣ ጥሬ ገንዘብ ግን አይነካም። ገንዘብ ያዡ ይቀበላል፣ ይከፍላል፤ ወጪን አይፈቅድም። ሒሳብ ሹሙ ይመዘግባል፣ ገንዘብ ግን ከእጁ አይገባም። የውስጥ ኦዲተሩ ከሦስቱም ውጭ ሆኖ በየሩብ ዓመቱ ይመረምራል፤ ተጠሪነቱም ለጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ለሊቀመንበሩ አይደለም። ሰው አንሶ ሁለት ሥራ ለአንድ ሰው መስጠት ግድ ቢሆን፣ ጸሐፊነትንና ሒሳብ ሹምነትን አጣምሩ። ፈቃጅነትንና ከፋይነትን ግን በፍጹም አታጣምሩ።

ባንክ ላይ ሦስት ፈራሚ አስመዝግቡ፤ ከሦስቱ የሁለቱ ፊርማ ሲገኝ ገንዘብ ይውጣ። ሁለት ብቻ ካስመዘገባችሁ አንዱ አዲስ አበባ የሄደ ዕለት ሥራው ይቆማል። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች በአንድ ላይ ፈራሚ አይሁኑ።

የይለፍ ቃልም እንደ ገንዘብ ይቆጠር። የድረ ገጹ ስም፣ ሰርቨሩ፣ የኮዱ ማከማቻ፣ የማኅበሩ ኢሜይልና የቴሌብር ሒሳብ በአንድ ልጅ ስልክ ላይ ከተንጠለጠሉ፣ ያ ልጅ ስልኩን የጣለ ቀን ማኅበሩ ደጅ ይቀራል። ሲም ካርዱን በማኅበሩ ስም አውጡ። የይለፍ ቃላቱን ኪፓስኤክስሲን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ቆልፉና ፋይሉን ሁለት ሰው ይያዘው፤ ዋናው መክፈቻ ደግሞ በታሸገ ፖስታ፣ በፖስታው ላይ ሁለት ሰው ፈርሞበት፣ ከሦስተኛ ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

4ኛ፦ መዝገቡን ቀላል አድርጉት፣ ግን አታቋርጡት

የበጎ ፈቃደኞች ሒሳብ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ስርቆት ስለተፈጸመ ሳይሆን «ነገ እጽፈዋለሁ» ስለተባለ ነው። የሚያስፈልጋችሁ የገቢና ወጪ መዝገብ ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ቀኑን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር ጻፉ። የውጭ ለጋሾች ሪፖርት የሚጠይቁት በራሳቸው አቆጣጠር ሲሆን፣ የእናንተ የበጀት ዓመት ግን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። በመካከሉ ጳጉሜን አለች፤ በወር በወር ስትደምሩ ወይ ከነሐሴ ወይ ከመስከረም ጋር እንደምትታሰብ አስቀድማችሁ ወስኑና በዚያው ጽኑ።

ገንዘብ በገባ ቁጥር ተከታታይ ቁጥር ካለው ጥራዝ ደረሰኝ ይቆረጥ። ዋናው ለሰጪው፣ ቅጂው ከጥራዙ ጋር። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ «ተሰርዟል» ተብሎበት ከነቅጂው ይያያዛል። የገባው ገንዘብ ሳይነካ በማግሥቱ ባንክ ይግባ፤ ከገባው ላይ ቆንጥሮ መክፈል የሒሳብ ሁሉ መጥፊያ ነው። ለትንንሽ ወጪ የተወሰነ ብር ለገንዘብ ያዡ ይሰጠው። ብሩ ሲያልቅ ደረሰኞቹን አቅርቦ የወጣውን ያህል ይተካለት። በማንኛውም ሰዓት በእጁ ያለው ጥሬ ብርና የያዛቸው ደረሰኞች ሲደመሩ መጀመሪያ የተሰጠውን ብር መሙላት አለባቸው።

በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ሹሙ የባንክ ማስታረቂያ ይሥራ። ባንኩ የሚሰጠውን መግለጫ ከመዝገባችሁ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ እያንዳንዱን መስመር ያጣራ፤ ሳይገናኝ የቀረው ለምን እንደቀረ ይጻፍ፤ ሊቀመንበሩ ይፈርምበት።

ሶፍትዌር ለምትሠሩ ሰዎች የሒሳብ ሶፍትዌር መግዛት አይጠበቅባችሁም። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ግኑካሽ ነፃ ነው፤ ሊብሬኦፊስ ካልክም ለትንሽ ማኅበር ይበቃል። የወረቀቱን መዝገብ ግን አትተዉት። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ማብቂያ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ባንክም መብራትም ስልክም ጠፍቶ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። መዝገቡ በደመና ላይ ብቻ ያለ ማኅበር በእንዲህ ያለ ጊዜ ስንት ብር እንዳለው እንኳ አያውቅም።

5ኛ፦ ደረሰኝ በሌለበት አገር እንዴት እንደሚወራረድ ተማሩ

የላስታ ሥራ ገጠር ያስወጣል፤ ገጠር ደግሞ ደረሰኝ የለም። ለምሳሌ ያህል፣ አራት በጎ ፈቃደኞች በብልባላ በኩል እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ያለውን መንገድ፣ የውኃ ቦታውንና የአብያተ ክርስቲያናቱን ቦታ ሊመዘግቡ ሁለት ቀን ይወጣሉ እንበል። መኪና እስከሚደርስበት በኪራይ ይሄዳሉ፤ ወደ ጎን ላሉት ቦታዎች በቅሎ ይከራያሉ፤ ምግብ ከገበሬ ቤት ይገዛሉ።

ከመሄዳቸው በፊት የቡድኑ መሪ የወጪ ግምቱን ጽፎ ያቅርብ። ሊቀመንበሩ 12,000 ብር ቢፈቅድ፣ ገንዘብ ያዡ በመሪው ስም ቅድሚያ ክፍያ ብሎ ይመዘግበዋል። ገና ወጪ አይባልም፤ መሪው ያለበት ዕዳ ነው።

ሲመለሱ ይወራረዳል። መኪናው 6,500፣ በቅሎው 1,200፣ ምግቡ 2,400፣ ዳታና ባትሪ 1,050 ብር ከሆነ፣ ድምሩ 11,150 ነው፤ 850 ብር ተመላሽ ይሆናል። ለመኪናውና ለዳታው ደረሰኝ ይኖራል። ለበቅሎውና ለምግቡ ግን አስቀድማችሁ ያዘጋጃችሁትን የክፍያ ማረጋገጫ ቅጽ ትሞላላችሁ፦ የተቀባዩ ሙሉ ስም፣ ቀበሌው፣ የተከፈለበት ምክንያት፣ ብሩ በአኃዝና በፊደል፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ከቡድኑ ውጭ ይሁን። ይህን ዓይነት ቅጽ ያለ ገደብ መጠቀም ግን ለተንኮል በር ይከፍታል። ስለዚህ ደንባችሁ ላይ ጣሪያ አስቀምጡለት፤ ከጣሪያው በላይ የሆነ ግዢ ደረሰኝ ከሚሰጥ ነጋዴ ብቻ ይፈጸም።

ማወራረጃው ቢበዛ በሰባት ቀን ይለቅ፤ የፊተኛውን ያላወራረደ ሰው ሌላ ቅድሚያ አይሰጠው። ይህች አንዲት ደንብ ብቻ ከተከበረች ተንጠልጣይ ሒሳብ አይከማችም።

ለበጎ ፈቃደኛ በተቻለ መጠን ያወጣውን ያህል ተኩለት እንጂ በደፈናው አበል አትክፈሉት። አበል እየለመደ ሲሄድ በጎ ፈቃዱ ወደ ቅጥር ይዞራል፤ ገቢዎችም እንደ ደመወዝ ቆጥሮ ግብር ሊጠይቅበት ይችላል።

6ኛ፦ ስጦታንና የውጭ ገንዘብን ለይታችሁ ያዙ

ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለዚያ ዓላማ ብቻ ይውላል። ለሥልጠና የተሰጠው 40,000 ብር ባንክ ውስጥ ተኝቶ ስላያችሁት ለሰርቨር አትክፈሉበት። የባንክ ሒሳቡ አንድ ቢሆንም በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ስጦታ የራሱ ገጽ ክፈቱ፤ ከስንት ስንት እንደቀረ ባንድ አፍታ ይታይ።

ሰርቨርና የድረ ገጽ ስም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ መዋጯችሁ ግን በብር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመቱ ሳያልቅ ከ100 ብር አልፏል። በጀቱን በብር ብቻ የሠራ ማኅበር የዓመቱን የሰርቨር ኪራይ እኩሌታ አጣ ማለት ነው። እንግዲህ የዶላር ወጪዎቻችሁን በበጀቱ ላይ በዶላር ጻፉ፣ የብሩን ግምት ከጎኑ አድርጉ፣ መጠባበቂያም ያዙላቸው።

ውጭ ያለ አባል የሰርቨሩን ሒሳብ ከራሱ ካርድ ሊከፍልላችሁ ይችላል። መልካም ነው፣ ነገር ግን የዓይነት ስጦታ ነውና ይመዝገብ፤ ደረሰኙን ይላክላችሁ፣ እናንተም የምስጋና ደብዳቤ ላኩለት። ሰርቨሩ የተከፈተው በእርሱ ስም ከሆነ ንብረቱ የማኅበሩ መሆኑን የሚገልጽ ፊርማ ተቀበሉ። በስጦታ የመጣ ላፕቶፕም ገቢ ሳይሆን ሥራ ላይ አይዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ገቢ የሚያደርጉበት ሞዴል 19 እና ወጪ የሚያደርጉበት ሞዴል 22 ቅጾች ለእናንተም ጥሩ አብነት ናቸው። ቁጥር ለጥፉበት፣ ማን እንደያዘው በቋሚ ንብረት መዝገብ ጻፉ።

የአባላት መዋጮ የሚሰበሰብበትንም ወቅት አስተውሉ። በላሊበላ ገንዘብ ያለው ከገናና ከጥምቀት በኋላ ነው፤ በክረምት አስጎብኚውም የሆቴል ሠራተኛውም እጁ ያጥረዋል። መዋጮውን የካቲት ላይ ሰብስቡ፤ ሐምሌ ላይ ሄዳችሁ «አባላቱ ቸልተኛ ናቸው» አትበሉ።

7ኛ፦ የመንግሥትን ግዴታ በቀን መቁጠሪያ ላይ አስፍሩ

ከመንግሥት ጋር የሚያጋጨው ብዙ ጊዜ የቀን ማለፍ ነው። ጸሐፊው እነዚህን በግድግዳ ላይ ይለጥፍ።

በየወሩ፦ የተቀጠረ ሠራተኛ ካለ የሥራ ግብሩና የጡረታ መዋጮው ይከፈል። ጡረታው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። በሕግ ከተወሰነው መጠን በላይ ለሆነ ግዢም ከሻጩ ላይ ቅድመ ግብር ተቀንሶ ለገቢዎች ይገባል። መጠኑ በአዋጅ ስለሚሻሻል ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዕለቱን ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

በየዓመቱ፦ የበጀት ዓመቱ ካለቀ በሦስት ወር ውስጥ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለመዝጋቢው ይቅረብ። የአስተዳደር ወጪያችሁ ከዓመቱ ገቢ 20 በመቶ አይለፍ። ስለዚህ እያንዳንዱ ወጪ ሲመዘገብ «ለዓላማ» ወይም «ለአስተዳደር» ተብሎ ይለይ፤ በመስከረም ተቀምጦ የዓመቱን ወጪ ከትዝታ መለየት አይቻልም።

ደብዳቤዎችን ገቢና ወጪ ብላችሁ በቁጥር መዝግቡ። በተለይ የፈቃድ ደብዳቤዎች አይጥፉ፦ ቅርስ ወይም የብራና መጽሐፍ ፎቶ አንሥታችሁ ለሕዝብ የምትለቅቁ ከሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር የፈቀደው ምን እንደሆነና እስከምን ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ይኑራችሁ። ፎቶ ማንሣት መፈቀዱ ለዓለም መልቀቅን አይጨምርም።

8ኛ፦ ሒሳቡን ክፈቱት፣ ሥልጣኑንም አስረክቡ

ኮዱን ማንም አይቶ ስህተት እንዲያርም የምትለቅቁ ሰዎች፣ ሒሳቡንም እንደዚያው ልትለቅቁት ይገባል። በየሩብ ዓመቱ አንድ ገጽ አውጡ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን፣ ስንት ቀረ። ለአባላት በስልክ ላኩት፣ በምትሰበሰቡበት ቦታም ለጥፉት። የግለሰብ ለጋሽ ስም ያለ ፈቃዱ አይውጣ።

ጠቅላላ ጉባኤውን ነሐሴ ላይ ጥሩ፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፣ እንግዳም በዚያ ወቅት ስለሚያንስ አባላት ጊዜ ያገኛሉ። በታኅሣሥ የገና ተጓዥ ሲጎርፍ ምልዓተ ጉባኤ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። በጉባኤው ላይ የውስጥ ኦዲተሩ ከሊቀመንበሩ ቀድሞ ይናገር፤ ምስጋናና ጭብጨባ ከቀደመ ጥያቄ ያለው ሰው አፉን ይይዛል።

የሥራ ዘመን ሲያልቅ ርክክብ በቃል አይደረግ። የባንክ ቀሪ፣ በእጅ ያለ ጥሬ ብር፣ ያልተወራረደ ቅድሚያ፣ ያልተጻፈባቸው የደረሰኝ ጥራዞች ከስንት እስከ ስንት ቁጥር፣ የንብረት ዝርዝር፣ ማኅተም፣ የይለፍ ቃላት፣ የተጀመሩ ውሎች ሁሉ በቃለ ጉባኤ ተዘርዝረው አስረካቢ፣ ተረካቢና ታዛቢ ይፈርሙ። በዚያው ሳምንት ባንክ ላይ ያለው የፈራሚ ስም ይቀየር፤ የይለፍ ቃሎቹም ይለወጡ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሠራም። በዚህ ሳምንት የገቢና ወጪ መዝገብ ግዙ፣ እስከ ዛሬ የተሰበሰበውንና የወጣውን ጻፉ፣ ፈቃጅና ከፋዩን ለዩ። በሚመጣው ወር የክፍያ ማረጋገጫ ቅጹን አባዙ፣ ሲም ካርዱንና የይለፍ ቃላቱን ከግለሰብ እጅ አውጡ። ከዚያ በኋላ ስለ ምዝገባ ተነጋገሩ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ራሳችሁን ፈትኑ፦ ገንዘብ ያዡ በሌለበት አንድ አዲስ አባል መዝገቡንና ሰነዱን ይዞ ይቀመጥ። ማንንም ሳይጠይቅ ባንክ ያለውን ቀሪ እስከ ሳንቲሙ ከደረሰበት ሒሳባችሁ በእግሩ ቆሟል። ካልደረሰበት ደግሞ ያቆመው መስመር የቱ እንደሆነ አይታችሁ ከዚያው ጀምሩ።